ነውር ያለባቸውን አሳይ

ጎንደር ውስጥ ስልክ የሚወድቀው ሁልጊዜ ድንጋይ ላይ ነው። ለስላሳ ነገር ላይ የወደቀ ስልክ ይዞ የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ፒያሳ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ ስልክ ጠጋኝ ሆና ቀረች የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ሥራዬን እወደዋለሁ። የማልወደው ደንበኞቼን ነው።

ደንበኞቼ ስልካቸውን እንደ ሰርግ ቤት ከፍተው ትተው፣ ማን ገባብኝ ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። የእጅ ባትሪ ይሆናል ተብሎ የተጫነው አፕ የዘመድ አዝማዱን ስልክ ቁጥር ሲለቅም ከርሟል። የአየር ሁኔታ ይነግራል የተባለው ባለቤቱ የት እንደዋለና የት እንዳደረ ሲያሳብቅ ኖሯል። «ካርድ ሞልቼ ሳልጠቀምበት አለቀ» ይሉኛል። አንተ ባትጠቀምበት እነሱ ተጠቅመውበታል እላለሁ። ይከፋቸዋል። እንዲከፋቸው ነው የምናገረው።

ከዚያ ስልካቸውን እጠርግና ነጻውን መደብር እጭንላቸዋለሁ። ነጻው መደብር በዓለም ላይ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሩት የአፕ መደብር ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ የእያንዳንዱ አፕ ኮድ፣ ማለትም አፑ የተሠራበት ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት ነው። ማንበብ የቻለ ሁሉ ያነበዋል። ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አፕ ይሰጣጣሉ። ዳታ እዚህ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ለጎንደር ሰው አላስረዳም።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን ምልክቱን ነው። መደብሩ አፑን ይመረምርና ለተጠቃሚው የማይበጅ ነገር ካገኘበት ምልክት ይለጥፍበታል። ይሄ ይከታተልሃል። ይሄ ማስታወቂያ ይግትሃል። ይሄ ከአንድ ኩባንያ ጋር ካልተሳሰረ አይሠራም። አውጥቶ አይጥለውም፤ ምልክቱን ለጥፎ ይደብቀዋል። ብትፈልገው አይወጣም፣ የሌለ ይመስላል። ሆኖም ማስተካከያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ከነካህ የተደበቁት ሁሉ ከነምልክታቸው ብቅ ይላሉ። ከምልክቱ ሥር ደግሞ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ማን እንዳገኘው፣ ኮዱ ውስጥ የት ቦታ እንዳገኘው ሳይቀር።

ችግሩ ይህን ምልክት በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ነበር። መደብሩን ወደ አማርኛ ከሚመልሱት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የውጭው ቃል ከ«ፀረ» እና ከ«ባሕርይ» የተጋጠመ ስለሆነ፣ ብዙም ሳልጨነቅ «ፀረ-ባሕርይ» ብዬ አስገባሁት። አንድ ቀን ከኮላ ድባ የመጡ አንድ ገበሬ ያደስኩላቸውን ስልክ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

«ምነው እቴ፣ ይኸ ፀረ ያልሽው የጤፍ ነው የሽምብራ?» አሉኝ።

«የምን ጤፍ፣ አያ?»

«ፀረ ተባይ ይላል እኮ። ስልኩም ይነቅዛል እንዴ?»

ሳቅሁባቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን መሳቅ የነበረብኝ በራሴ እንደሆነ ገባኝ። ሰው ያልገባው ማስጠንቀቂያ ምንም አያስጠነቅቅም።

በዚያን ጊዜ የምወደው ሰው ነበር። እንደኔው ኮምፒውተር የተማረ ነው፤ አባቱ ከከተማው አድባራት በአንዱ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌው ማኅሌት ላይ ሲቆሙ ድምፃቸውን ለመስማት ከሌላ ደብር ሰው ይመጣል። ልጃቸው ያንን ድምፅ ቀርጾ አፕ አደረገው፤ ዕለቱን ስትነካ የዕለቱን ዜማ ያሰማሃል። ነጻው መደብር እንዲቀበለው መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። መሪጌታው ስለ አፑ የሚያወሩት ስለ ሁለተኛ ልጅ በሚወራበት አንደበት ነበር። ቅዳሴ ሲወጣ ምእመናኑን እያስቆሙ «ጫኑት» ይሏቸዋል፤ መጫን የማይችለውን ወደ እኔ ይልኩታል።

ከልጃቸው ጋር ልንጋባ ነው። ሽማግሌ የሚልኩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ሱቄ ሲመጡ ወንበሬን እለቅላቸዋለሁ፣ ስልካቸውን በነጻ እሠራላቸዋለሁ፣ ለማንም የማላሳየውን ትሕትና አሳያቸዋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጠው ሳለ ስለ ቃሉ አማከርኳቸው።

«ነገሩ ምንድን ነው? እስቲ አስረጂኝ» አሉ።

«አፑ ይሠራል፣ የኔታ። ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡ ግን የማይበጅ ነገር አለ።»

«ከውጭ የማይታይ?»

«የማያውቅ አያየውም።»

«እንግዲያ ነውር በይው» አሉኝ፣ ብዙም ሳያስቡ። «ለመሥዋዕት የሚቀርብ በግ ዘአልቦ ነውር መሆን አለበት። ነውር የሌለበት። ዓይኑ ይታያል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ሰኮናው ይገለበጣል። ነውር የተገኘበት ከመንጋው አይባረርም፤ ወደ መቅደስ ግን አይቀርብም።»

መደብሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። አያባርርም፣ አያቀርብም። «ሸጋ ቃል ነው፣ የኔታ» አልኩና እዚያው ፊታቸው አስገባሁት። ሳጥኗም ስሟ ተለወጠ፤ «ነውር ያለባቸውን አሳይ» ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከኮላ ድባ የመጣም ከደባርቅ የመጣም ገበሬ ስለ ፀረ ተባይ ጠይቆኝ አያውቅም። ነውር የሚለው ቃል ለሁሉም ይገባል።

ሲነሡ ጥምጥማቸውን አስተካክለው «ለሰውም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር መልካም ነበር» አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እዚህ ላይ እናቴን ማምጣት ይኖርብኛል። አባቴ በልጅነቴ ሞቷል፤ እናትና ልጅ ከተማው ዳር ፀዳ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። እናቴ ባለ እጅ ናት፤ ሸክላ ትሠራለች። ጋን፣ እንስራ፣ ድስት። በኛ አገር ወጥ የሚሠራበትን ድስት ከሠራችው ሴት ጋር አብሮ ወጥ አይበላም። ቡዳ ይሏታል። ዓይኗ ሕፃን ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይላሉ። እናቴ ሲመሽ የምትሆነው እንቅልፋም ብቻ ነው። ይህን ለማንም ማስረዳት አይቻልም፤ ምክንያቱም ማንም ፊት ለፊት አይጠይቅህም። ልጁን በነጠላው ከልሎ ያልፋል እንጂ ምን አደረግሽ አይልም።

ፀዳ የገባነው እዚያ ሁሉም ሰው አዲስ ስለሆነ ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ጭቃውን ታቦካለች፣ ትሠራለች፣ ታደርቃለች። ማቃጠሉን ግን እዚያ አታደርገውም። የሸክላ እሳት ጭሱ ለሰፈር ሁሉ ያወራል። የደረቀውን በገለባ ሸፍነን በባጃጅ ወደ መንደሯ እንልከዋለን፤ እዚያ አክስቴ ታቃጥለውና ኮላ ድባ ገበያ ታወጣዋለች። ሰፈሩ እናቴን የሚያውቃት በርበሬ ስትቸረችር ነው። ጎረቤቶቻችን አብረዋት ይበላሉ፣ ልጆቻቸውን እቅፏ ላይ ጥለው ገበያ ይሄዳሉ፤ እስካሁን የተበላ ልጅ የለም።

የምወደው ሰው ያውቃል። ገና ስንጀምር ቀሐ ወንዝ ዳር ቆመን ነግሬዋለሁ። «ይሄ እኮ ያለፈበት ነገር ነው፤ በዚህ ዘመን ማን ይጠይቃል?» አለኝ። አነጋገሩ አምሮበት ነበር። ሸሚዙም ያማረ ነበር። አመንኩት።

ያጋለጠኝ ጣቴ ነው። መሪጌታው ቤት ዝክር ነበረና ለጠላው ጥንስስ እኔም ልረዳ ሄድኩ፤ ገና ያልገባች ምራት መርዳት አለባት። ሴቶቹ አዲስ ጋን ከገበያ አምጥተው በወይራ ሊያጥኑት ተዘጋጅተዋል። በአጠገቡ ሳልፍ፣ ሳላስበው፣ በጣቴ አንጓ ሆዱን ኳ ኳ አደረግሁት። እናቴ ጓዳ ውስጥ በየቀኑ የምታደርገውን ነው። ደህና የበሰለ ጋን ይጮሃል። ይሄ አልጮኸም።

«ይሄማ አይሆንም፤ ያፈሳል» አልኩ።

የመሪጌታው እህት፣ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው እቴ፣ ምን አየሽበት?»

«አላየሁትም፣ ሰማሁት። ወገቡ ላይ ስንጥቅ አለ፤ እሳቱንም አልጠገበም።»

ጎንደር ውስጥ ጋን የሚገዛ ሰው ሁሉ ጋኑን በዓይኑ ያያል፤ ያልተማመነ ውሃ ሞልቶ ያሳድረዋል። መትቶ የሚያዳምጥ፣ «እሳቱን አልጠገበም» የሚል ግን የሠሪ ልጅ ብቻ ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ጎበዝ የተባልኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋኑ አፈሰሰ፤ በማግስቱ የምወደው ሰው ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። አክስቱ ግን ያንለት ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን አጥልቀው መንደር ለመንደር ሲጠይቁ ውለዋል።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነበር። ቀኑ ተቆርጧል። እናቴ ጠላውን ጠመቀች፤ በራሷ ጋን፣ በሕይወቷ ከሠራቻቸው ሁሉ መርጣ ባስቀረችው። ነጭ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። እደውልለታለሁ፣ አያነሳም።

«መንገድ ተዘግቶ ይሆናል» አለች እናቴ።

ወጥቼ አየሁ። ባጃጆች ከፀዳ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ፀዳ ይመላለሳሉ። መንገዱ ክፍት ነበር። ተመልሼ «አዎ፣ ተዘግቷል» አልኳት። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው።

ቀሐ ዳር ነው ያገኘሁት፣ በዚያው በለመድነው ቦታ። ዓይኑ ከወንዙ ማዶ ካለው ግንብ ላይ አይነሳም።

«አባቴ ጋብቻው ይቅር አሉ» አለኝ።

«ምክንያቱን ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም። ይቅር ብቻ ነው ያሉት።»

«ለምን እንደሆነ ይናገሩት።»

«ታውቂዋለሽ እኮ። ምን ያስጨንቅሻል መስማቱ?»

እሱ ያሰበበት ነገር ነበረው።

«አንድ መላ አለ» አለ። «የአባትሽ ወገን ገበሬዎች ናቸው፣ በእነሱ በኩል ችግር የለም። የወለደችሽ ሌላ ናት እንላለን፤ ስትወልድሽ የሞተች። ይህች አሳዳጊሽ ናት። የአባትሽ እህት ትመስክር። ያን ጋን የመታሽውም ከአሳዳጊሽ ተምረሽ ነው፤ ያስኬዳል።»

«እናቴስ?»

«እናትሽ ምን ትሆናለች? ሰርጉ ላይ አትምጣ እንጂ ከዚያ በኋላ ተደብቄም ቢሆን አብሬሽ እየመጣሁ እጠይቃታለሁ።»

ኮድ በሚያስተካክልበት ድምፅ ነበር የሚያወራው። ይህን አውጣ፣ ያንን አስገባ፣ ሞክረው፣ ሠራ። እናቴን አውጥቶ በሟች ተክቷት ነገሩ ያስኬዳል። ሸሚዙ አሁንም ያማረ ነበር። ትቼው ሄድኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። ልትናደድልኝ ይገባል ብዬ ነው የነገርኳት። ቁጭ ብላ የምትሠራውን የድስት አፍ በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሰች ሰማችኝ፣ ከዚያ፣

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች። «ሞታለች በይ። አንቺ ከተዳርሽ እኔ ብሞት ምን እሆናለሁ?»

በዚያች ደቂቃ ከእሱ ይልቅ እሷን ጠላኋት። ራሷን ለመደበቅ እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቷ፣ ጭሷን እንደደበቀችው ሁሉ ራሷንም ከሕይወቴ ለማውጣት መዘጋጀቷ አንገበገበኝ። ድስቱን ብሰብረው ደስ ባለኝ። አልሰበርኩትም፤ ሌላ የምሰብረው ነገር ነበረኝ።

ያ የዜማ አፕ መጀመሪያ ሲገባ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው እትም ላይ ግን ልጁ አንድ ነገር ጨመረበት፤ አፑ በተከፈተ ቁጥር ስልኩ ያለበትን ቦታ እሱ ወዳቆመው ሰርቨር ይልካል። ሰሚው አያውቅም፣ አይጠየቅም። ያኔውኑ ኮዱን ሳነብ አግኝቼው ጠይቄው ነበር። «ማስታወቂያ ለሚሰጡ ሰዎች የት የት እንደሚሰማ ላሳያቸው ነው፤ አወጣዋለሁ» አለኝ። አላወጣውም። እኔም ዝም አልኩ፤ ወድጄዋለኋ።

አሁን ዝም የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ለመደብሩ ጻፍኩ። ኮዱ ውስጥ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚልክ፣ ወዴት እንደሚልክ። አንድ የተጋነነ ቃል የለበትም፣ አንድ ስድብ የለበትም። በሌላ አገር ያሉ፣ የእኔንም የእሱንም ዘር የማያውቁ ሰዎች አዩት፣ አረጋገጡት፣ ምልክቱን ለጠፉበት። «ነውር፦ ይከታተላል።» አፑ ተደበቀ። ጎንደር ውስጥ ያለ ሰው የመሪጌታውን ዜማ በመደብሩ ሲፈልግ ባዶ ገጽ ብቻ ያገኝ ጀመር። እዚህ ላይ እጸጸታለሁ ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይጠብቅ።

መሪጌታው መጡ። እመጣለሁ ብለው ሳይሆን ሌላ የሚሄዱበት ስላልነበረ ነው፤ ስልክ የሚያሠሩት እኔ ጋ ብቻ ነው። ሱቁ በር ላይ ትንሽ አመነቱና ገቡ። ወንበሬን አልለቀቅኩላቸውም።

«ልጄ፣ ያ ነገር ምን ሆኖ ነው?» አሉ። «ምእመናን ፈልገን አጣነው ይሉኛል። አንዱማ ተከለከለ አለኝ።»

«አልተከለከለም፣ የኔታ። ተደብቆ ነው።»

«ምነው? በምን ምክንያት?»

«ነውር ተገኝቶበት።»

ቃሉን ለዩት። ልጃቸውን በመንገድ ላይ በድንገት ያገኙ ያህል ነው የደነገጡት።

«ምን ነውር?»

«ተጽፏል። ላንብብልዎት?» አልኩና አነበብኩላቸው። «አፑ በተከፈተ ቁጥር ስልኩ ያለበትን ቦታ ወደ ውጭ ይልካል፤ ለተጠቃሚው አይነግርም።»

«ሰው ዜማ እየሰማ፣ የት እንዳለ ይታያል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን?»

«የትም ቢሆን።»

ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማን እንዳደረገው አልጠየቁኝም፤ ከአንድ ሰው በቀር የነካው እንደሌለ ያውቃሉ። የጠየቁት ሌላ ነው።

«ማን ነው ያወቀበት?»

«እኔ ነኝ። ስሜ ከሥሩ አለ። ይህ መደብር የከሰሰውን ሰው ስም አይደብቅም።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቃሉን ብትለውጪው» አሉኝ። «ጉድለት በይው። ነውር ከበደ፤ ሰው ክፉ ነገር ይመስለዋል።»

«ቃሉን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ለዕቃ ነው የሰጠሁሽ።»

«ለበግ ነው ያሉኝ፣ የኔታ።»

ገና አልጨረስኩም ነበር። ስልካቸውን ከእጃቸው ተቀብዬ ማስተካከያውን ከፍቼ መለስኩላቸው።

«ማየት ከፈለጉ ይታያል» አልኳቸው። «ይችን ሳጥን ይንኳት። እኔ አልነካልዎትም፤ የሚፈልግ ሰው ራሱ ነው የሚነካት።»

መነጽራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አነበቡት። ነውር። ያለባቸውን። አሳይ። የእሳቸው ቃል በእሳቸው አፍ ሲወጣ እኔ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ስልክ እየገጠምኩ ነበር። ጣታቸው ብዙ ቆየች። ከዚያ ነኳት። ዜማቸው ከነምልክቱ ወጣ።

«አዩ?» አልኳቸው። «ለእሱ ሳጥን አለለት። የተደበቀበት ምክንያትም ተጽፎለታል። ይህን ያህል ለሰው ቢደረግ ምን ነበረበት?»

ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገብቷቸዋል። ይህ ሰው ሞኝ አይደለም፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገር የሚሰማ ጆሮ አለው። መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ መቋሚያቸውን ያዙ፣ ተነሡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ወይም ይቅር በይኝ ይሉ ይሆናል ብዬም ነበር፤ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቂልነት ይዞኝ ይሄዳል። በሩ ላይ ዞረው፣ ያለ ቁጣ፣ ለተማሪ በሚያስረዱበት ድምፅ፣

«አፑ ይስተካከላል፣ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

ተስተካከለ። ብዙም አልቆየም። ልጃቸው ያን የሚልከውን ነገር አወጣው፣ አዲስ እትም አስገባ፣ ለመደብሩም ይቅርታ ጠየቀ። የመደብሩ ሰዎች ክሱን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ አይተሽ አረጋግጪልን አሉኝ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ እናቴ ጋን የምታዳምጠውን ያህል አዳመጥኩት። አንድም ቦታ የተሰነጠቀ ነገር አጣሁ። ስንጥቅ ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። «ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ያንኑ ዕለት ምልክቱ ተነሳ፣ አፑም ለሁሉም ሰው መታየት ጀመረ።

እኔም በዚያ ሰሞን ራሴን አነበብኩ። ምን ባወጣ ነው ምልክቱ የሚነሳልኝ ብዬ። ከእናቴ በቀር የሚወጣ ነገር አልነበረም። እሱም ቀሐ ዳር ያለኝ ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አልዋሸም። የሌላ ደብር አለቃ ልጅ ሊያገባ ነው ሲባል ሰማሁ። አጥንቷ ተቆጥሮ ደህና ወጥቷል አሉ።

አፑ ተደብቆ በነበረበት ሰሞን የእናቴ ስልክ ጭቃ የምታቦካበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተባት። ሌላ ሰጠኋት። በዚያኛው ላይ የመሪጌታው ዜማ ነበራት፤ ሸክላ ስትሠራ ስትሰማው ትውላለች። ያንን ጫኚልኝ ስትለኝ «ተደብቋል፣ ነውር ተገኝቶበታል» አልኳት። ሳጥኗን መንካት እችል ነበር። አልነካሁላትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ተደብቋል ለተባለ ነገር ሁለተኛ አትጠይቅም።

ምልክቱ ከተነሳ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቼ ዜማውን ስልኳ ላይ ጫንኩትና ከፈትኩት። የሽማግሌው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እናቴ አንድ ትልቅ ጋን አንገቱን እያወጣችለት ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ነውር አለበት አላልሽም ነበር?» አለችኝ።

«ነበረበት። አወጡለት። አሁን ንጹሕ ነው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ጋኑን ትንሽ አዞረችው፣ ከበታቹ ያለውን ጭቃ በአውራ ጣቷ ገፋችው።

«ነውር ይለቃል እንዴ?» አለች።

«የእሱ ይለቃል» አልኳት።

«ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ» አለችኝ፤ እጇ ጭቃ ነበር።